ፊዚክስን አብሮ ማጥናት፦ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ጥያቄዎች

ፈተና ሲቃረብ ጥያቄዎቻችሁ ይበዛሉ። ሰሞኑን ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት የደረሱኝ አብዛኞቹ ስለ ፊዚክስ ናቸው። ይህን ትምህርት ለዓመታት ስላስተማርኩ የዛሬውን አምድ በሙሉ ለእናንተ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ አራት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ፊዚክስ ማጥናት ጀመርን። አሁን ግን ጎበዙ ልጅ ይሠራል፣ እኛ እንገለብጣለን። ከዚያ ወሬ ነው። ብንበተን ይሻላል?» የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን

መልስ፦ አትበተኑ። እስክሪብቶውን ብቻ ከጎበዙ ልጅ ተቀበሉት።

እንዲህ አድርጉ። ሦስት ጥያቄ ምረጡ። መጀመሪያ ለ20 ደቂቃ ሁላችሁም ለየብቻ፣ ሳትነጋገሩ ሞክሩ። ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ከዚያ መልሳችሁን አስተያዩ። አንድ ዓይነት ከሆነ እለፉት። የተለያየው ላይ ቁሙ፤ ጥናቱ ያለው እዚያ ጋ ነው። ሰሌዳ ላይ ወጥቶ የሚሠራው ያልገባው ልጅ ይሁን። የገባው ልጅ ሥራው «ለምን?» እያለ መጠየቅ ነው። መልሱ ምላሱ ላይ ቢመጣም ይዋጠው።

አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ ሦስት ሴት ተማሪዎች ሰሌዳው ሥር ሲከራከሩ ሰማሁ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ጫፍ ላይ ሲደርስ አክስለሬሽኑ (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) ስንት ነው? ሁለቱ «ዜሮ» አሉ። ሦስተኛዋ ብዙም የማትናገር ልጅ ነበረች። ዳስተሩን አነሳችና ወደ ላይ ወርውራ ቀለበችው። «ዜሮ ቢሆንማ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር» አለች። ዝም አሉ። ከዚያ አንደኛዋ «ቆይ፣ ቆይ! ዜሮ የሆነው ፍጥነቱ ነው!» ብላ ጮኸች። ልክ ነበረች። ጫፍ ላይ ፍጥነቱ ዜሮ ነው፤ አክስለሬሽኑ ግን ያኔም ወደ ታች 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው። ይህንኑ ነገር እኔ በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ አስተምሬው ነበር። የገባቸው ግን በዳስተሩ ነው።

አራት ጥሩ ቁጥር ነው። ስድስት ሰባት ከሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉ።

ጥያቄ፦ «ጓደኞቼን ሳስረዳ ጊዜዬ ያልቃል። እናቴም ‹ሰው ስታሳልፍ አንተ እንዳትቀር› ትለኛለች።» የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ መሐል ሜዳ

መልስ፦ እናትህ መስጋቷ ተገቢ ነው። ገደብ አብጅለት፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት ይበቃል። ባዶ ወረቀት ይዞ ለመጣ ከዜሮ አትጀምርለት። «እስቲ የት ጋ ቆምክ?» በለው። ሁለቱን ሰዓት ግን አትንፈጋቸው። ለብቻህ ስትሠራ እጅህ ስለለመደው ብቻ የምታልፈው ብዙ ነገር አለ። ጓደኛህ «ለምን በኮሳይን አባዛኸው?» ብሎ ሲይዝህ ነው አንተም እንዳልገባህ የምታውቀው። ያ ሰዓት ላንተም ጥናት ነው።

ጥያቄ፦ «ፎርሙላዎቹን ሁሉ ሸምድጃለሁ። ጥያቄ ሲመጣ ግን የትኛውን እንደምጠቀም ግራ ይገባኛል። ጓደኞቼም እንደኔው ናቸው።» የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደብረ ሲና

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ መጥቷል። አንቺ ግን ደብረ ሲና ስላለሽ ምሳሌው ደጅሽ ላይ ነው። ጭነት የያዘ መኪና ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ስንቴ አይተሻል? ሹፌሩ በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ለምን?

ፎርሙላ ሳትነኪ ይህን ጠይቂ፦ ላይ ምን ነበረው? ታች ሲደርስ ምን አለው? የጎደለው የት ሄደ? ላይ ሳለ ከፍታ ነበረው። ታች ሲደርስ ከፍታው የለም፤ ፍጥነቱም አልጨመረም። ስለዚህ ያ ሁሉ ፖቴንሻል ኢነርጂ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። የሄደው ወደ ሙቀት ነው።

አሁን ቁጥር እናስገባ። መኪናው ከነጭነቱ 20 ቶን ነው እንበል። ከዋሻው እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው የከፍታ ልዩነት 1,800 ሜትር ያህል ነው። የስበቱን አክስለሬሽን 10 ብለን ስናባዛ 20,000 በ10 በ1,800፣ 360 ሚሊዮን ጁል ይመጣል። ይህ 1,000 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ሁሉም ፍሬን ላይ ቢያርፍ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ይላል። በከባድ ማርሽ ሲወርድ ግን ሞተሩ ጫናውን ይካፈለዋል።

ልብ በዪ፣ ሰዓት የሚባል ነገር አላነሳንም። መንገዱ መጠምዘዙም አላስጨነቀንም። ከፍታና ፍጥነት ተሰጥቶ ጊዜ ካልተጠየቀ፣ መጀመሪያ ኢነርጂን አስቢ። ጊዜ ከተጠየቀና አክስለሬሽኑ የማይለዋወጥ ከሆነ የእንቅስቃሴ ቀመሮቹ አሉልሽ። ፎርስና አክስለሬሽን አንድ ላይ ከመጡ የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ነው።

ከጓደኞችሽ ጋር ደግሞ ይህን ሞክሩ። አንዷ ጥያቄ ታንብብ። ማንም እንዳያሰላ። እያንዳንዳችሁ «ይሄ የኢነርጂ ነው»፣ «ይሄ የሞመንተም ነው» በሉና ምክንያቱን ተናገሩ። ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ። በግማሽ ሰዓት 20 ጥያቄ ታያላችሁ። ስሌቱን ቤት ትሠሩታላችሁ።

ጥያቄ፦ «እስከ 8ኛ ክፍል በአማርኛ ተምሬ ነው የመጣሁት። ጓደኛዬ በአማርኛ ሲያስረዳኝ ይገባኛል፤ የፈተናው እንግሊዝኛ ግን ይጠፋብኛል።» የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ዓለም ከተማ

መልስ፦ በአማርኛ ማውራታችሁን አትተዉ። ሐሳቡ መጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይግባ። ግን ተጠንቀቁ፤ በየቀኑ የምንናገረው አማርኛ ሦስት ነገር ያደባልቃል። ፎርስንም፣ ኢነርጂንም፣ ፓወርንም «ጉልበት» ወይም «ኃይል» እንላለን። አንድ ሰው ኩንታል ተሸክሞ ባለበት ቢቆም ላቡ ይንጠፈጠፋል፤ እኛም «ሥራ ሠራ» እንላለን። በፊዚክስ ግን ኩንታሉ ካልተንቀሳቀሰ የተሠራው ሥራ ዜሮ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ስታወሩም እነዚህን ሦስቱን በእንግሊዝኛ ስማቸው ጥሯቸው።

አንድ ትንሽ ደብተርም ያዝ። የፈተና ቋንቋ ራሱን የሚደጋግም ነው። «አት ሬስት» ካለ የመነሻ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። «ስሙዝ» ካለ ፍትጊያ የለም። «ኮንስታንት ቬሎሲቲ» ካለ ጠቅላላው ፎርስ ዜሮ ነው። እንዲህ ዓይነቶቹን 50 ያህል ከሰበሰባችሁ የጥያቄው እንግሊዝኛ በጣም ይቀላችኋል።

ጥያቄ፦ «ልጄ ከወንዶችም ከሴቶችም ጋር ሆና እስኪመሽ ታጠናለች። ልከልክላት ወይስ ልተዋት?» እናት፣ እነዋሪ

መልስ፦ እሜቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። አይከልክሏት፤ ቦታውንና ሰዓቱን ይቀይሩላት። ቅዳሜ በቀን፣ እርስዎ ቤት ይምጡ። እርስዎ ቡናዎን ያፍሉ፣ እነሱ በረንዳው ላይ ይሥሩ። ቆሎ ካለ ደግሞ ያቅርቡላቸው። ከመሸ በኋላ የሚደረግ ጥናት እንደሆነ ብዙም አይጠቅማቸውም፤ እንቅልፍ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ «ቴሌግራም ላይ ፈተናው ወጥቷል፣ ብር አዋጡ እያሉን ነው።» ተማሪዎች፣ አጣዬ

መልስ፦ ሳንቲም እንዳታዋጡ። ሌብነት ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚሸጡላችሁ የውሸት ወረቀት ነው። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን የጀመሩት ስርቆቱን ለማስቆም ነው። በምታዋጡት ብር ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች ፎቶ ኮፒ አስነሱና ተካፈሉት።

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ባቄላ ለመቀቀል እኛ ቤት ከሚፈጀው በጣም ይቆያል። አክስቴ እንጨቱ ነው ትላለች። ይሄ ፊዚክስ ነው?» የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሸዋ ሮቢት

መልስ፦ ንጹሕ ፊዚክስ ነው! ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እናንተ 1,300 ገደማ ላይ ናችሁ። ከፍ ሲባል የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፤ ውሃም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። እናንተ ዘንድ በ96 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው ውሃ ደብረ ብርሃን በ91 ገደማ ይፈላል። አክስትህ ማገዶ ብትጨምር ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ባቄላው የሚበስለው ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ስለሆነ ይቆያል። ይህን ለቡድንህ ንገራቸውና ግፊትንና የመፍሊያ ነጥብን በዚሁ አጥኑት።

ጥያቄ፦ «ትምህርት ቤታችን ላብራቶሪ የለውም። በወሬ ብቻ እንዴት ይገባናል?» የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ሞላሌ

መልስ፦ ክርና ድንጋይ አላችሁ፤ ይበቃል። ድንጋዩን በክር እሰሩና ከበር ጉበን ላይ አንጠልጥሉት። ከተንጠለጠለበት እስከ ድንጋዩ መሐል ልክ 1 ሜትር ይሁን። ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት። አንዱ ይቁጠር፣ አንዱ በስልኩ ሰዓት ይያዝ። 10 ጊዜ ሄዶ ሲመለስ 20 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ አንዱ ምልልስ 2 ሰከንድ ነው።

አሁን ከፍ ያለ ክብደት ያለው ድንጋይ እሰሩ። ከመለካታችሁ በፊት ግን እያንዳንዳችሁ ገምቱና ጻፉ፤ ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል? ከዚያ ለኩ። የክሩ ርዝመት ካልተለወጠ ሰዓቱ አይለወጥም። ቀጥላችሁ ክሩን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር አሳጥሩት። ርዝመቱ በአራት እጥፍ ሲያንስ ሰዓቱ በግማሽ ብቻ ነው የሚያንሰው። ለምን እንደሆነ ከቀመሩ ውስጥ ስኩዌር ሩቱን ፈልጉ።

በመጨረሻ 4 ፓይ ስኩዌርን በርዝመቱ አባዙና ለሰዓቱ ስኩዌር አካፍሉት። የሚመጣው የስበቱ አክስለሬሽን ነው፤ በ1 ሜትርና በ2 ሰከንድ 9.87 ይመጣል። የእናንተ ቁጥር 9.5 ወይም 10.2 ቢሆን አትደንግጡ፤ ክሩን ከየት እስከ የት እንደለካችሁ ተከራከሩበት። ያገኛችሁትን ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው አምድ አወጣዋለሁ።