«ነጭ ውሸት» ምን ዓይነት ውሸት ነው?

ጥያቄ፦ ከኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የጻፉልን አንዲት እናት እንዲህ ይላሉ፦ «ልጄ መሀል ከተማ ስለምትሠራ ማታ ታክሲ ጥበቃ ትቆያለች። ባለፈው ደውዬ ‹ተሳፈርሽ ወይ?› ብላት ‹አዎ› አለችኝ፤ ለካ ገና ሰልፍ ላይ ቆማ ኖሯል። ስቆጣት ‹እማዬ፣ እንዳትጨነቂ ብዬ የነገርኩሽ ነጭ ውሸት ነው› አለችኝ። እኔ ነጭ ውሸት ሲባል የማውቀው ዓይን ያወጣ ቅጥፈትን ነው። ማናችን ነን ትክክል? የደስታና የንጽሕና ቀለም የሆነው ነጭስ ከውሸት ጋር ምን አገናኘው?»

መልስ፦ የአማርኛው ፍቺ እርስዎ የሚያውቁት ነው። በአማርኛ «ይህ ነጭ ውሸት ነው» የሚል ሰው፣ ተናጋሪው አንዳች እውነት ሳይቀላቅልበት፣ የሚሸፍንበትም ሰበብ ሳይፈልግ ዋሸ ማለቱ ነው። ልጅዎ የተጠቀመችበት ፍቺ የእንግሊዝኛ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ነጭ የሚባለው ሰውን ላለማስከፋት ወይም ላለማስጨነቅ የሚነገር፣ ጉዳት የሌለው ውሸት ነው። አባባሉ ቃል በቃል ሲመለስ፣ ተቃራኒ ፍቺ ይዞ ከቆየው የአማርኛ አባባል ጋር አንድ መልክ ያዘ። ስለዚህ ልጅዎ ይቅርታ የሚያሰጣትን ቃል ስትናገር፣ እርስዎ ጥፋቷን የሚያከብድ ቃል ሰሙ፤ በመቆጣትዎ አልፈርድም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ነጭን የንጽሕና ምልክት ብቻ አድርገን ስንወስደው ከቃሉ ፍቺ ግማሹ ይቀርብናል። «ነጭ» ከ«ነጣ» ግሥ ጋር አንድ ሥር አለው፤ «መረጠ» ብለን «መራጭ» ስንል እንደሚሆነው ሁሉ፣ እዚህም «ጠ» ወደ «ጨ» ተለውጧል። ይህ ግሥ ደግሞ ሁለት ፊት አለው። አጥበን ያሰጣነው ነጠላ ነጣ ስንል ጸዳ ማለታችን ሲሆን፣ ባለቀለም ልብስ ፀሐይ በዝቶበት ነጣ ስንል ግን የነበረው ቀለም ለቀቀው፣ ባዶ ቀረ ማለታችን ነው። «የነጣ ድሃ» የምንለው ምንም ያልተረፈለትን ሰው መሆኑን ልብ ይበሉ፤ በዚህ አባባል ውስጥ የደስታም የንጽሕናም ስሜት የለም። «ነጭ ነጯን እናውራ» ስንልም ያልተሸፈነውን፣ ያልተቀባባውን ነገር እንነጋገር ማለታችን ነው። እንግዲህ በእኔ አስተያየት ነጭ ውሸትና ነጭ ነጯ፣ አንዱ ሐሰት ሌላው እውነት ቢሆኑም፣ ነጭነታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ገላጣ ናቸው። የቀድሞው የገጠር ታጣቂ «ነጭ ለባሽ» መባሉም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የወታደር የደንብ ልብስ ሳይሆን ባላገሩ የሚለብሰውን ነጭ ልብስ ለብሶ ይዘምት ነበርና።

የሚያውቁት የደስታ ነጭ ግን ስሕተት አይደለም። ጥር 11 ቀን ታቦት ለማጀብ የሚወጣውን ሕዝብ ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም። ነገር ግን ያው ነጭ ነጠላ ጥለቱ ወደ አንገት ተዘቅዝቆ ሲለበስ የለቅሶ ልብስ ይሆናል፤ ስሜቱን የሚነግረን ቀለሙ ሳይሆን አለባበሱ ነው። በቋንቋም እንዲሁ ነው፤ ነጭ ምን እንደሚል የሚወስነው አብሮት የቆመው ቃል ነው።

ልጅዎ ያለችውን ነገር ለመግለጽ አማርኛ «ነጭ» የሚለውን ቃል አያስፈልገውም። «ላባብልሽ ብዬ ነው» ወይም «እንዳትሰጊ ብዬ ነው የዋሸሁሽ» ብትል ኖሮ፣ ውሸቷንም የዋሸችበትንም ምክንያት እርስዎ ወዲያው በተረዱላት ነበር።