በገጠር አድባራት ያረፉ ነገሥታትና የጦር አበጋዞች፦ ጥያቄና መልስ

ባለፉት ሳምንታት የ19ኛው ክፍለ ዘመን መሪዎቻችን የት እንደተቀበሩ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የሚመሳሰሉትን በአንድ ላይ አድርጌ እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዐፄ ቴዎድሮስ የሞቱት መቅደላ ላይ ነው፤ ታዲያ መቃብራቸው ቋራ ነው የሚባለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ፣ በዚያው በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። አምባው በእንግሊዝ ጦር እጅ ስለነበረ አስከሬን ተሸክሞ ወደ ቋራ የሚሄድ ሠራዊትም ሆነ ዘመድ አልነበረም። ዐፅማቸው ኋላ ላይ ፈልሶ በትውልድ አገራቸው በቋራ፣ በማኅበረ ሥላሴ ገዳም አረፈ። በእኛ ዘንድ ዐፅም ማፍለስ የተለመደ ሥርዓት ስለሆነ፣ አንድ ሰው ሁለት የመቃብር ቦታ ቢጠቀስለት ከተራኪዎቹ አንዱ ተሳስቷል ብሎ መደምደም አይገባም፤ መጀመሪያ የተቀበረበትንና በኋላ የፈለሰበትን ለይቶ መጠየቅ ይሻላል።

በዚያ ቀን ከራሳቸው ላይ የተቆረጠ ጸጉር ግን ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ ነበር። በለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ይህንን ጸጉር ለኢትዮጵያ መንግሥት ያስረከበው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው፤ ከሞታቸው 151 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እቴጌ ጥሩወርቅስ ከባለቤታቸው ጋር ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። እቴጌይቱ ከልጃቸው ከልዑል ዓለማየሁ ጋር ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕሩ ሲጓዙ ታመው፣ በግንቦት 1860 ዓ.ም. እንደርታ ውስጥ ዐረፉ፤ የተቀበሩትም ከመቐለ በስተደቡብ ባለችው በጨለቆት ሥላሴ ነው። ጨለቆትን ያሠሩት ራስ ወልደ ሥላሴ ናቸው። የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ አባቷ በገዛው ምድር፣ በመንገድ ላይ ሞታ መቀበሯ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ልጃቸው ደግሞ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንድሶር ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። ዐፅሙ ይመለስ ተብሎ የቀረበውን ጥያቄ የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አልተቀበለውም፤ የሰጠው ምክንያትም በአካባቢው ያረፉ ሌሎች ሰዎችን ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር። አባት ቋራ፣ እናት ጨለቆት፣ ልጅ ዊንድሶር።

ጥያቄ፦ ራስ አሉላ የተምቤን ሰው ሆነው ሳለ መቃብራቸው ዓድዋ አጠገብ የሆነው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ራስ አሉላ የተቀበሩት ከዓድዋ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም ነው። ለሞት ያበቃቸው የባዕድ ጥይት አለመሆኑ ብዙ ሰው ያስገርማል። በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የጣሊያንን ጦር የደመሰሱት፣ በዓድዋም የተዋጉት እኚህ ሰው፣ ከተምቤኑ ከራስ ሐጎስ ጋር በተደረገ የእርስ በርስ ውጊያ እግራቸውን ተመትተው በየካቲት 1889 ዓ.ም. ዐረፉ። ራስ ሐጎስም በዚያው ውጊያ ወድቀዋል። ከገዛ አገራቸው ገዥ ጋር ተዋግተው የቆሰሉ ሰው ወደ ተምቤን ተመልሰው ይቀበሩ ነበር ብሎ ማሰብ ያስቸግራል፤ ይህ የእኔ ግምት ነው። የዓድዋ ድል አንድ ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር።

ጥያቄ፦ የፊታውራሪ ገበየሁ ዐፅም ከዓድዋ ወደ ሸዋ መጥቷል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎን፤ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው፣ ዐፄ ምኒልክ በተወለዱበት በአንጎለላ፣ በኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ነው ያረፉት። ገበየሁ ጎራው አምባላጌ ላይ ትእዛዝ ሳይጠብቁ ውጊያ የከፈቱ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የወደቁ የጦር መሪ ናቸው። ከመዝመታቸው በፊት «ጀርባዬን ተመትቼ ብሞት እዚያው ጣሉኝ፤ ፊት ለፊት ተመትቼ ከሞትኩ ግን አገሬ አምጥታችሁ ቅበሩኝ» የሚል ኑዛዜ ትተዋል ተብሎ በሕዝብ ዘንድ ይነገራል። ቃሉ በትክክል እንዲህ መሆኑን የሚያረጋግጥ ጽሑፍ ላቀርብ አልችልም፤ ነገር ግን ከቴዎድሮስ ጋር ልዩነቱን ልብ ይሏል። ድል ያደረገ ጦር ወድቆ የቀረውን ሰው ዐፅም ለማምጣት መንገዱም ጊዜውም አለው።

ጥያቄ፦ የዐፄ ዮሐንስስ?

መልስ፦ የእሳቸው ነገር ከሁሉም የከፋ ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቆስለው ከሞቱ በኋላ፣ አስከሬናቸውን ይዘው የሚመለሱትን ሰዎች የመሐዲስት ጦር በአትባራ ወንዝ አካባቢ ደርሶባቸው፣ የንጉሠ ነገሥቱ ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ስለዚህ መቃብራቸውን ላሳይዎ ብል የምጠቁመው ደብር የለኝም።

ጥያቄ፦ ከእነዚህ ቀድመው የነገሡትስ በገጠር የተቀበሩ አሉ?

መልስ፦ በብዛት አሉ። ለምሳሌ በጣና ሐይቅ ደሴት በደጋ እስጢፋኖስ ገዳም የይኩኖ አምላክ፣ የዳዊት፣ የዘርዐ ያዕቆብ፣ የዘድንግልና የፋሲል አፅም እንዳለ ይነገራል፤ ወንድ ጎብኚዎች በሣጥን ውስጥ ሆኖ በመስታወት በኩል ያዩታል። ይህ ራሱን የቻለ ሰፊ ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው ብንመለስበት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴንና ሁለት ሴት ልጆቼን ይዤ የራስ አሉላን መቃብር ልንሳለም እንችላለን?

መልስ፦ እርስዎ ይችላሉ፤ እነርሱ ግን አይችሉም። አባ ገሪማ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች ወደ ቅጥሩ አይገቡም፤ ከበሩ ውጭ ሆነው ይሳለማሉ። ነጠላዎን አጣፍተው፣ መጀመሪያ የገዳሙን አበምኔት ያስፈቅዱ፤ ፎቶግራፍ ለማንሳትም ለብቻው ፈቃድ ይጠይቁ። ቤተሰብዎን ሳይለዩ መሄድ ከፈለጉ ግን አንጎለላ ይቅደም፤ ከአዲስ አበባ ጠዋት ተነስቶ ማታ መመለስ ይቻላል።