የዱዱ ውሃ ሌሊት የት ይሄዳል?

ከእስራኤሏ ከተማ ከቤርሼባ አንዲት እናት ጽፈውልኛል። የጣሪያው ዱድ ሼሜሽ፣ ማለትም የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ፣ ከሦስት ወር በፊት ተቀይሯል። ከዚያ ወዲህ ውሃው ማታ ይፈላል፤ ማንም ሳይነካው ጠዋት ለብ ብሎ ይገኛል። ልጆቹ እንዲታጠቡ በመብራት ማሞቅ ግድ ሆነ፣ ሂሳቡም ናረ።

እኔ የጠረጠርኩት የታንከሩን ከፍታ ነው። ፀሐይ ከገባች ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው፣ ሰው አስከትለው ይውጡና ከታንከሩ ፀሐይ ወደሚቀበለው ፓኔል አናት የሚመጣውን ቧንቧ በፓኔሉ በኩል ይንኩት። ትኩስ ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ ውሃው ወደ ኋላ እየዞረ ነው። ከመነካካትዎ በፊት ግን ብሬከሩን ያውርዱ። የመታጠቢያ ቤቱን ማብሪያ ማጥፋት አይበቃም።

ይህ ዱድ ፓምፕ የለውም። ቀን ፓኔሉ ውስጥ ያለው ውሃ ሲሞቅ ይቀላል፣ ወደ ላይ ይወጣል። ከታንከሩ ሥር ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ከባድ ስለሆነ ወርዶ ቦታውን ይይዛል። ሌሊት ደግሞ ፓኔሉ ይቀዘቅዛል። ታንከሩ ከፓኔሉ በላይ ከሆነ ቀዝቃዛው እዚያው ታች ይተኛል፣ ምንም አይንቀሳቀስም። ጎን ለጎን ከሆኑ ግን ቀዝቃዛው በታችኛው ቧንቧ ወደ ታንከሩ ይገባል፤ በላይኛው በኩል ትኩሱን ይስባል። ማታ የሞቀው ውሃዎ ሌሊቱን ሙሉ ሰማይ ሲያሞቅ ያድራል ማለት ነው። ስንቱን ሰው ይህን ሳስረዳ ሻይዬ ቀዝቅዟል!

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነዳጅ ሲጠፋ የእስራኤል መንግሥት ሌሊት ውሃ ማሞቅ ከለከለ። ሌቪ ይሳር የተባለ መሐንዲስ በ1953 የፀሐይ ዱድ መሸጥ ጀመረ። ሃሪ ታቦር ደግሞ ሙቀት ወስዶ ብዙም የማይመልሰውን የፓኔል ጥቁር ቅብ ሠራ። ከ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ በኋላ፣ በ1980፣ ከረጃጅም ሕንፃዎች በቀር አዲስ ቤት ያለ ዱድ እንዳይሠራ ሕግ ወጣ። ገበያው ሲረጋገጥ ዕቃው ረከሰ። ርካሹ ዕቃም አብሮ መጣ፦ ፀሐይ ዓመት ሳይሞላው የሚያፈራርሰው የቧንቧ ስፖንጅ፣ አጭር የታንከር እግር። የእርስዎን የቀየረው ሰውም የድሮውን ቋሚ ታንከር አንስቶ በአጭሩ እግር ላይ አጋድሞታል ብዬ እገምታለሁ።

መፍትሔው የታንከሩ ሥር ከፓኔሉ አናት ቢያንስ 30 ሴንቲ ከፍ እንዲል ማቆም ነው። ላይኛው ቧንቧ ያለ እጥፋት ሽቅብ ይሂድ፣ አለዚያ አየር ይይዛል። ጥሩ መሸፈኛ ይግዙለት። ታንከሩን ሳያጎድሉ እንዳይነኩት፤ 150 ሊትሩ ከነውሃው ከ150 ኪሎ በላይ ነው።

ብሬከሩ አሁንም ወርዶ ይቆይ። ውሃውን ሞልተው፣ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍተው አየሩ ሲያልቅ ብቻ ይመልሱት። ባዶ ታንከር ላይ መብራት ከለቀቁ ውሃውን በመብራት የሚያሞቀው ሪዚስታንስ ይቃጠላል፣ ከዚያ እንደገና ወደ ጣሪያ ነው።