ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ አዲሱ መድኃኒት እስኪመጣ ኬሞው ይቆይ?

ጥያቄ፦ «እናቴ 54 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ባሕር ዳር ሁለት ዙር ኬሞ ወስዳለች። ከሁለተኛው በኋላ ሽንቷ ቀላ፣ ፀጉሯ ረገፈ፣ በዘጠነኛው ቀን ደግሞ አተኮሳት። ምች ነው ብለን ዳማከሴ ጨምቀን አጠጣናት፤ ከመድኃኒት ቤትም አሞክሳሲሊን ገዛንላት። በሦስተኛው ቀን ተሻላት። ሰሞኑን ከፕሮቲን በተሠሩ ጥቃቅን ተሸካሚዎች መድኃኒቱን ዕጢው ላይ ብቻ የሚያደርስ ሕክምና እንዳለ አነበብሁ። እሱ እስኪገኝ ሦስተኛውን ዙር ብናቆየውስ?» ከቡሬ

መልስ፦ አያቆዩት።

ጥያቄዎ ስለ አዲሱ መድኃኒት ይመስላል፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን «ከበሽታው በፊት መድኃኒቱ ቢገድላትስ» የሚለው ነው። ይህ የሚያሳፍር ፍርሃት አይደለም። ትናንት ውኃ ቀድተው ይመለሱ የነበሩ እናት ከመርፌው በኋላ የቡና ስኒ ሲከብዳቸው ማየት ያስፈራል። ሽንታቸው መቅላቱ ግን ደም አይመስለኝም። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው መድኃኒት ራሱ ቀይ ነው፤ ለአንድ ለሁለት ቀን በሽንት ይወጣል። ፀጉራቸውም ሕክምናው ሲያልቅ ይበቅላል።

ያነበቡትም ውሸት አይደለም። ፕሮቲን የሚሠራባቸውን አሚኖ አሲዶች፣ ለምሳሌ ግሉታሚክ አሲድን ወይም አስፓርቲክ አሲድን፣ በረጅሙ ቀጣጥሎ መድኃኒቱን በሰንሰለቱ ላይ ማሰር ወይም ውስጡ መጠቅለል ይቻላል። ጥቅሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 ናኖሜትር ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ውስጥ 1 ሚሊዮን ናኖሜትር አለ። የዕጢ ደም ሥሮች እንዳረጀ ወንፊት ቀዳዳቸው ሰፊ ስለሆነ ጥቅሉ እዚያ ሾልኮ ይከማቻል ተብሎ ይታሰባል። ጃፓናውያኑ ማትሱሙራና ማኤዳ ይህን የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ሕዋሱ ውስጥ ሲገባ ኢንዛይሞች ሰንሰለቱን ይበጥሱትና መድኃኒቱ ይለቀቃል። ስልቻው መንገድ ላይ ሳይሆን ወፍጮ ቤት ሲደርስ ይፈታ እንደማለት ነው።

ሐሳቡ ያምራል፤ የአይጥ ዕጢ ግን የሰው ዕጢ አይደለም። ፓክሊታክሰል የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ከፖሊግሉታሚክ አሲድ (ከግሉታሚክ አሲድ ሰንሰለት) ጋር አስረው በሳንባ ካንሰር ሕሙማን ላይ በስፋት ሲሞክሩት ዕድሜን ከነባሩ ሕክምና አብልጦ አላራዘመም። ኤንኬ105 የተባለው የጃፓን ጥቅልም በተሰራጨ የጡት ካንሰር ላይ ተሞክሮ የእጅና የእግር መደንዘዝን ቢቀንስም ዋና ግቡን አልመታም። በስብ የተጠቀለለው ዶክሶሩቢሲን እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ አለ፤ ልብን ከነባሩ ያነሰ ይጎዳል፣ መዳፍንና የእግር ሥርን ግን ይልጣል። የእርስዎ እናት ዛሬ የሚወስዱት ነባሩ መድኃኒት የብዙ ሴቶችን ሕይወት ያተረፈ ነው። ዕጢ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም።

አሁን ወደ ዘጠነኛው ቀን ልመለስ፤ ደብዳቤዎን ሳነብ እጄን ከወረቀቱ ያነሣሁት እዚያ ላይ ነው።

እኔም ጓሮው ዳማከሴ በሆነ ቤት ነው ያደግሁት። እናቴ ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ በቡና ጨምቃ ስትሰጠኝ ሽታው እስከ ማታ ከአፍንጫዬ አይጠፋም ነበር። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ትኩሳት ግን ምች አይደለም! ጉንፋንም፣ ድካምም፣ «መድኃኒቱ ሲሠራ ነው» የሚባለውም አይደለም። ብዙ ጊዜ ከመርፌው በኋላ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ነጭ የደም ሕዋሳት እጅግ ይቀንሳሉ። በዚያ ጊዜ ተራ ጀርም ደም ውስጥ ከገባ የሚመክተው የለም። መግል የሚሠራው ነጭ ሕዋስ ስለሆነ መግል እንኳ ላይታይ ይችላል፤ ያለው ምልክት ትኩሳቱ ብቻ ነው። ሰውየው ጠዋት አተኩሶት ማታ ራሱን ሊስት ይችላል። በሦስተኛው ቀን ተሻላት ይሉኛል። ተርፈዋል ይበሉ እንጂ።

አሞክሳሲሊኑስ? ማን አዘዘው? እንዲህ ያለውን ትኩሳት ለመመከት አይበቃም፤ ይባስ ብሎ ምልክቱን ያደበዝዛል። ሳይለኩ ፓራሲታሞል መስጠትም እንዲሁ ነው። እርግጥ በእናንተ ቆላ ወባ አለ፤ ደሙ ይመርመር። ወባ ቢገኝ እንኳ ነጭ የደም ሕዋስ ሳይቆጠር ወደ ቤት አይመለሱ።

38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ብርድ ብርድ ብሏቸው ከተንቀጠቀጡ፣ ሌሊትም ቢሆን ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ባሕር ዳር ለመሄድ ብለው እስኪነጋ አይጠብቁ። በር ላይ የመጀመሪያ ቃልዎ «ኬሞ ላይ ናቸው፣ ትኩሳት አላቸው» ይሁን፤ የሕክምና ወረቀቱን ያሳዩ። በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢጀመር መልካም ነው። ጸበሉን አልከለክልም፤ ትኩሳት እያለ ግን መጀመሪያ ሆስፒታል።

አይዞዎት፤ ይህ ሊታከም የሚችል ነው፤ ማወቅና መፍጠን ብቻ ይፈልጋል። ከሦስተኛው ዙር በፊት ደማቸው ይቆጠራል። ያን ዕለት የዘጠነኛውን ቀን ትኩሳት ለሐኪማቸው ሳይደብቁ ይንገሩ። መጠኑን ሊያስተካክል ወይም ነጭ የደም ሕዋስን የሚያበዛ መርፌ ሊያዝ ይችላል፤ ካልነገሩት ግን በምን ያውቃል? ቴርሞሜትሩን ደግሞ ዛሬ ይግዙ።