ፕሮቲስታ ማለት «ባለአንድ ሕዋስ» ማለት አይደለም

ሰላም እህቴ። «ልጄ ፈተና ላይ ‹ፕሮቲስታ ባለአንድ ሕዋስ ፍጡር ነው› ብሎ ጽፎ ኤክስ ተደረገበት፤ ምኑ ነው ስህተቱ?» ላልሽው ነው። ሳያስረዱ ኤክስ አድርጎ ማለፍ በጣም ያናድዳል።

1. በሕዋስ ብዛት አይጀምር። ባክቴሪያም ባለአንድ ሕዋስ ነው፤ ኒውክለስ (የሕዋሱን ዘረመል የሚይዝ በሽፋን የተከለለ ክፍል) ስለሌለው ግን ፕሮቲስታ አይባልም። የጠላ እርሾም አንድ ሕዋስ ነው፣ ኒውክለስም አለው፤ እሱ ደግሞ ፈንገስ ነው። በሌላ በኩል ከ40 ሜትር በላይ የሚረዝም የባሕር አልጌ ከፕሮቲስታ ይመደባል። ስለዚህ እንዲህ ይጻፍ፦ ኒውክለስ ያለው፣ ተክልም እንስሳም ፈንገስም ያልሆነ፣ አብዛኛው ባለአንድ ሕዋስ።

2. ፕሮቲስታን እንስሳ መሰል፣ ተክል መሰል፣ ፈንገስ መሰል ብሎ የሚከፍለውን ለፈተና ይያዘው፤ ዝምድና ነው ብሎ ግን አይመን። አሜባና የሸዋ ሮቢትን ሰው የሚያስቸግረው የወባው ፕላዝሞዲየም አንድ ረድፍ ላይ ቢጻፉም በዘር የተራራቁ ናቸው። በክረምት የድንች ቅጠል አጥቁሮ የሚያደርቀው ፋይቶፍቶራም ሻጋታ ይመስላል እንጂ ፈንገስ አይደለም፤ ብዙ የፈንገስ መድኃኒት የማይነካውም ለዚህ ነው። ዩግሊና የሚባለው ፕሮቲስታ ደግሞ በብርሃን ምግቡን ይሠራል፣ በጨለማ ከውጭ ይወስዳል። የት ልትመድቢው ነው?

3. በዓይኑ ይየው። ትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ ካለው አንድ እፍኝ ጭድ በአንድ ሊትር ውኃ 10 ደቂቃ አፍልታችሁ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ፤ ቀጥሎ የምትጨምሩት የወንዝ ውኃ ትኩሱ ላይ ከገባ በውስጡ ያሉት ፕሮቲስታዎች ሁሉ ያልቃሉ። ከበሬሳ ወንዝ ዳር፣ ውኃው ከተኛበት፣ ከነዝቃጩ አንድ ብርጭቆ ጨምሩበት። የምታፈሉት የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ አስቀድማችሁ አፉን ከፍታችሁ አሳድሩት። ዕቃውን በስስ ጨርቅ ሸፍኑት እንጂ አትክደኑት፣ አየር ይፈልጋል። ሳምንት ያህል ይቆይ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ስለሚያዘገየው ማታ ማታ ምድጃ ካለበት ቤት ይደር። ጠብታውን ከላይ ከሚንሳፈፈው ስስ ሽፋን ሥር ውሰዱ። ብዙዎች የሚሳሳቱት በቀጥታ በ400 እጥፍ ማየት ሲጀምሩ ነው፤ እዚያ የምታገኙት ፓራሚሲየም የሚባል ፕሮቲስታ ፈጣን ስለሆነ ከዓይን ያመልጣል። በ100 ጀምሩ፣ እንዲያዘገየውም ጠብታው ውስጥ ጥቂት የጥጥ ክር ጣሉበት። የጫማ ሶል የመሰለው አካሉ እየተሽከረከረ ይመጣና ክሩን ሲነካ ወደ ኋላ ይላል፣ አቅጣጫ ቀይሮ እንደገና ይሞክራል።

ሲጨርስ እጁን በሳሙና ይታጠብ። በተበከለ ውኃ የሚመጣው ጃርዲያም ፕሮቲስታ ነው።