ዋጋችን ዝቅተኛ ሆኖ ለምን ወደቅን?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ልጄ ከአራት ጓደኞቹ ጋር በማኅበር ተደራጅቶ የግንባታ ሥራ ይሠራል። ከተማው አንድ የሕዝብ መናፈሻ ለማሻሻል ጨረታ አውጥቶ ነበር። ሥራው የድንጋይ ንጣፍ፣ አጥር፣ መቀመጫና የችግኝ ተከላ አለው። ፖስታው ሲከፈት እኔም ነበርኩ። ዋጋ ሲነበብ የልጆቹ ከሁሉም ያነሰ ነበር። በኋላ ግን አሸናፊው ሌላ ነው ተባለ። ይህ እንዴት ይሆናል? እኔስ እንደ ነዋሪ መጠየቅ እችላለሁ? (ከጠባሴ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ውጤቱ ለልጆቹ በደብዳቤ የደረሳቸው መቼ ነው? ይህን የማነሳው የግዥ ቅሬታ ቀኑ ቶሎ ስለሚያልፍ ነው። የሚቆጠረው በወር ሳይሆን በሥራ ቀናት ነው። ለምሳሌ የቀድሞው የፌዴራል ግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ለተጫራች የሰጠው 5 የሥራ ቀን ብቻ ነበር። ለእናንተ የሚሠራው ቀን በጨረታ ሰነዱ ውስጥ፣ “የተጫራቾች መመሪያ” በሚለው ክፍል አለ። ዛሬውኑ ይዩት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ደብረ ብርሃን በአማራ ክልል ሥር ያለች ከተማ ናት። ስለዚህ ከተማዋ በራሷ በጀት ስትገዛ የሚመራት የክልሉ የግዥ አዋጅና መመሪያ ነው። ቅሬታ ላይ የፌዴራሉን አዋጅ ብቻ ጠቅሶ መሄድ አቤቱታውን ያዳክማል። ፌዴራሉም ቢሆን 649/2001ን በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተክቶታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በመክፈቻው ቀን የሚነበበው ዋጋ ገና ያልተመዘነ ዋጋ ነው። አሸናፊው በዚያ ቀን አይለይም። ጨረታውን የሚገመግመው ኮሚቴ መጀመሪያ የሚያየው ሰነዱ መሟላቱን ነው። የታደሰ ንግድ ፈቃድ አለ? የግብር ክሊራንሱስ (ግብር መከፈሉን የሚያሳየው ማስረጃ)? የሥራ ተቋራጭነት ደረጃው ከተጠየቀው ጋር ይገጥማል? የጨረታ ማስከበሪያው (ተጫራቹ ከጨረታው እንዳይሸሽ የሚያስይዘው ዋስትና) በተጠየቀው ዓይነትና መጠን ቀርቧል? ፊርማና ማኅተም በየገጹ ከተጠየቀ ተደርጓል? በዚህ የወደቀ ሰው ዋጋው የቱንም ያህል ቢያንስ አይመዘንም። በማኅበር የተደራጁ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት እዚህ ነው። በተለይ ማስከበሪያው ላይ። በሲፒኦ (ባንክ በሚያረጋግጠው የክፍያ ማዘዣ) ፈንታ ካደራጃቸው መሥሪያ ቤት የዋስትና ደብዳቤ የሚያስገቡ አሉ። ሰነዱ ከፈቀደ ይሄ ችግር የለውም። ካልፈቀደ ግን ይጥላል።

ቀጥሎ የቴክኒክ ምዘና አለ። ልምድ፣ ባለሙያ፣ መሣሪያ ይታያል። ከዚያ በኋላ ነው የዋጋ ሰነዱ መስመር በመስመር የሚመረመረው። አንድ ምሳሌ ላምጣ። ንጣፉ 1,200 ካሬ ሜትር ነው እንበል፤ ነጠላ ዋጋው 850 ብር። ድምሩ 1,020,000 ብር መሆን አለበት። ተጫራቹ ተሳስቶ 102,000 ብሎ ቢጽፍ በመክፈቻው ቀን ከሁሉም ያነሰ ሆኖ ይነበባል። ኮሚቴው ሲያርም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ነጠላ ዋጋውን ነው። ያ ተጫራች አንደኛ ሆኖ ገብቶ አራተኛ ሊሆን ይችላል። በዚህ ማንም አልበደለውም።

በደል የሚሆነው ሌላ ነው። በሰነዱ ያልተጻፈ መስፈርት በኋላ ጨምሮ መጣል በደል ነው። አንዱን በጎደለ ወረቀት ጥሎ ሌላውን በዚያው ጉድለት ማሳለፍም በደል ነው። ፖስታ ከተከፈተ በኋላ የአንዱን ዋጋ ማስቀየር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ልጆቹ የወደቁበት ምክንያት ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ጠንካራ ጉዳይ አላቸው።

ስለዚህ ልጆቹ የወደቁበትን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቁ። “ዋጋችን ዝቅተኛ ነበር” የሚል ቅሬታ ብቻውን አይበቃም። የሰነዱን አንቀጽ ጠቅሰው፣ ይህን አሟልተን ሳለ በዚህ ምክንያት ወደቅን ይበሉ። ቅሬታው መጀመሪያ የሚቀርበው ለገዢው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ ነው። ካልተስማሙ ወደሚቀጥለው አካል ይሄዳል። ውል ከተፈረመና ተቋራጩ ቦታውን ከተረከበ በኋላ ነገሩን መመለስ በጣም ይከብዳል። ለዚህ ነው ቶሎ በሉ የምለው።

የእርስዎ መንገድ ግን ይለያል፤ እርስዎ ተጫራች አይደሉም። የግዥ ቅሬታ ማቅረብ አይችሉም። መረጃ የመጠየቅ መብት ግን አለዎት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ደንግጓል። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ለጥያቄዎ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥዎ ያዛል። ሥራው ለማን እንደተሰጠ፣ በስንት ብርና በምን መስፈርት እንደተመረጠ ይጠይቁ። የተጫራቾችን የንግድ ምስጢር ሊከለክሉዎት ይችላሉ። የአሸናፊው ስምና የውሉ ዋጋ ግን በሕዝብ ገንዘብ የተከፈለበት ነው፤ ምስጢር አይባልም።

እግረ መንገድዎን ስለ ችግኙም ይጠይቁ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። የከተማችንን ውርጭ ያውቁታል። በክረምት የተተከለ ችግኝ ጥቅምት ሲገባ ይነካል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ይደርቃል። ውሉ ተቋራጩ ችግኙን እስከ መቼ እንደሚንከባከብ፣ የደረቀውን ማን እንደሚተካ ካልጻፈ፣ ጊዜያዊ ርክክብ ተደርጎ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ የሚቀረው ባዶ ጉድጓድ ነው። የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና (ተቋራጩ ውሉን ካልፈጸመ የሚወረስበት መያዣ) እና የጉድለት ማረሚያ ጊዜ (ከጊዜያዊ ርክክብ በኋላ ተቋራጩ ጉድለቱን የሚያርምበት ጊዜ) የሚጠቅሙት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ውሉ ላይ መኖራቸውን ይጠይቁ።

ልጆቹም ሆኑ እርስዎ ማመልከቻ ስታስገቡ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን አስመቱበት። አንድ ቅጂ ከእጃችሁ አይጥፋ።