ቀስቱ ገደል ማዶ ሲጠቁም

ጥያቄ፦ በበረሃ ተራሮች ላይ በፎርዊል መኪና ጂኦካሺንግ (የተደበቀ ሣጥን በጂፒኤስ የመፈለግ ጨዋታ) ጀምሬያለሁ። ባለፈው ጂፒኤሱ፣ በኋላ እንደተረዳሁት፣ ሣጥኑ ካለበት 600 ሜትር ገደማ ርቆ ገደል ማዶ ጠቆመኝ። ወደዚያ ለመድረስ በደረቅ ወንዝ ስሄድ መኪናው አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። የጎማ ንፋስ ቀንሼ ወጣሁ፤ ድንጋያማው ዳገት ላይ ግን የአንዱ ጎማ ጎን ተቀደደ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ከጂፒኤሱ እንነሳ። መሣሪያው 600 ሜትር አይሳሳትም። ሰማዩ ገላጣ ሲሆን ስህተቱ ጥቂት ሜትር ነው፤ ጠባብ ገደል ውስጥ ሲግናሉ ከቋጥኝ እየነጠረ ስለሚመጣ በአሥሮች የሚቆጠር ሜትር ቢስት ነው። የእርስዎ የአጻጻፍ ስህተት ይመስላል።

የሣጥኑ ኮኦርዲኔት (የቦታው መለያ ቁጥር) የሚጻፈው በዲግሪና በአስርዮሽ ደቂቃ ነው (ደቂቃና ሰከንድ እዚህ የዲግሪ ክፍልፋዮች ናቸው)፤ ከነጥቡ በኋላ 3 አሃዝ አለ። 15.500 ማለት 15 ደቂቃ ተኩል፣ ማለትም 15 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው። መሣሪያዎ ሰከንድ በሚጠይቅ አቀማመጥ ላይ ሆኖ 15 ደቂቃ ከ50.0 ሰከንድ ብለው ካስገቡት 20 ሰከንድ ጨምረዋል። በኬክሮስ 1 ሰከንድ ወደ 31 ሜትር ስለሚሆን 620 ሜትር ገደማ ሳቱ ማለት ነው። ክፋቱ መሣሪያው ዝም ማለቱ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር 750 ቢሆን ኖሮ 75 ሰከንድ ስለሌለ እምቢ ብሎ ያነቃዎት ነበር፤ ከ600 በታች ከሆነ ግን ሳያጉረመርም ይቀበላል። አቀማመጡን ወደ አስርዮሽ ደቂቃ፣ ዳተሙን (ቦታ የሚለካበትን የካርታ ሥርዓት) ጂፒኤስ ወደሚጠቀምበት ደብሊው ጂ ኤስ 84 ይለውጡ። ከመነሳትዎ በፊትም ነጥቡን በሳተላይት ካርታ ላይ ይዩት። ቀስቱ ቀጥታ መስመር እንጂ መንገድ አያውቅም፤ የመኪና ማቆሚያው ኮኦርዲኔት ከተሰጠ መኪናውን ወደዚያ ይንዱ፣ የቀረውን በእግር ይጨርሱት።

ወደ ጎማው ስንመጣ፣ ንፋስ መቀነስዎ ትክክል ነበር፤ ጥፋቱ መልሰው አለመሙላትዎ ነው። አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ) የሚይዝ ጎማ ለአሸዋ ወደ 18 ወይም 20 ይወርዳል። ያኔ መሬት የሚነካው የጎማ ክፍል ስለሚረዝም መኪናው አሸዋው ላይ ይንሳፈፋል። ነገር ግን የጎማው ጎን ወደ ውጭ ያብጣል፤ ጎኑ ደግሞ ከመርገጫው እጅግ የሳሳ ነው። ስለታም ድንጋይ የሚያገኘው እሱን ነው፣ ከተቀደደም ጎሚስታ የሚለጥፈው ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ድንጋዩ ሳይጀምር ቆመው ወደ 25–28 ይሙሉ። መኪናው በጣም ከተጫነ ከዚህም ጥቂት ከፍ ያድርጉት። በእኔ ግምት ከዊንች (መኪና መጎተቻ ማሽን) በፊት የሚገዛው ኮምፕረሰር (ጎማ መሙያ) ነው።

በ18 ፒኤስአይ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይለፉ። ከ15 በታች ሆኖ መሪ በድንገት ከተጠመዘዘ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፦ ቀን ሲነዳ የዋለ ጎማ ስለሚግል ንፋሱ ከቀዝቃዛው 4 ወይም 5 ፒኤስአይ ይበልጣል። በጠራራ ፀሐይ 18 ያሉት ጎማ በበረሃ ሌሊት 13 ወይም 14 ሆኖ ሊያድር ይችላል። ጠዋት ሳይነሱ ይለኩት።

ሌላ ጊዜ ሲሰምጡ ነዳጅ አይርገጡ፤ ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ጉድጓዱን ይቆፍራል። ከጎማዎቹ ኋላና ከመኪናው ሆድ ሥር ያለውን አሸዋ በአካፋ ያውጡ፣ ንፋስ ይቀንሱ፣ ፎር ሎው (አራቱንም ጎማ በዝግታና በጉልበት የሚነዳውን ማርሽ) አስገብተው በመጡበት ዱካ ወደ ኋላ ይውጡ፤ ዱካው አስቀድሞ ተጠቅጥቋል። ሌላ መኪና ከጎተተዎት ገመዱ ለመጎተቻ በተሠራው መንጠቆ ላይ ይታሰር። ተጎታች የሚያያዝበት የኳስ መንጠቆ ላይ ከታሰረ ኳሱ ተገንጥሎ ሰው ሊገድል ይችላል። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ደግሞ ቆመው አይደሩ፤ ራቅ ባለ ተራራ የጣለ ዝናብ ሳያስጠነቅቅ ጎርፍ ይዞ ይመጣል።

ተጠባባቂ ጎማውን አሸዋ ላይ ሲቀይሩ ክሪኩ ይሰምጣል። ሥሩ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ወፍራም ጣውላ ያንጥፉ፣ መኪናውን ከማንሳትዎ በፊት የጎማውን ብሎኖች ያላሉ፣ መኪናው ከወረደ በኋላ ያጥብቋቸው፣ ከ50 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላም ድጋሚ ይፈትሿቸው።